የጥፍር ማድረቂያ፣ የዝንብ መግደያና የቀትር ፀሐይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በቤት ውስጥ ሰርኪዩት ቦርድ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ያለውን ባለ መዳብ መስመር ሰሌዳ ማለት ነው፣ በፎቶ ዘዴ ስለመሥራት ጥቂት ብዬ ነበር። «መብራቱን ከየት ላምጣ?» የሚል ጥያቄ እንደሚከተል ጠብቄአለሁ፤ እንዲህ በገፍ ይመጣል ብዬ ግን አልገመትኩም። ያንን እትም ላላገኘ ሰው ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። በመዳብ የተለበጠው ሰሌዳ ላይ አልትራቫዮሌት (ባጭሩ ዩቪ) ብርሃን ሲያገኘው ጠባዩ የሚለወጥ ስስ ሽፋን አለ። የሰርኪዩቱን ሥዕል በግልጽ ፕላስቲክ ላይ (ፊልም የምለው ይህንን ነው) ታትማለህ፣ ከሰሌዳው ላይ ታስተኛለህ፣ ታበራበታለህ፣ በማጠቢያ ታጥባለህ፣ የተራቆተውን መዳብ ፌሪክ ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ይበላዋል። ሽፋኑ ሁለት ዓይነት ነው። ፖዘቲቭ የሚባለው ብርሃን ያገኘው ቦታ ታጥቦ ይሄዳል። ነጌቲቭ የሚባለው፣ በተለይ በጥቅል የሚሸጠው ሰማያዊ ድራይ ፊልም፣ ብርሃን ያገኘው ቦታ ይጠነክርና ይቀራል።

እኔ ይህን ሥራ የለመድኩት ኤሌክትሮኒክስ ቤት አይደለም፤ ማተሚያ ቤት፣ ፕሌት የሚባለው የማተሚያ ሰሌዳ የሚዘጋጅበት ክፍል ነው። ኮምፒዩተሩ ፕሌቱን በቀጥታ መጻፍ ሳይጀምር ፊልም ከአሉሚኒየም ፕሌት ላይ እያስተኛን በብርሃን ኤክስፖዝ እናደርግ ነበር። የፖዘቲቭ ፕሌቱና የፖዘቲቭ ሰርኪዩት ቦርዱ ሽፋን የአንድ ቤተሰብ ኬሚካል ነው። ዲያዞናፍቶኪኖን ይባላል፤ ጀርመን አገር ዊስባደን በሚገኘው የካሌ ኩባንያ ኦስካር ዙስ የተባለ ኬሚስት ለኅትመት ሥራ ያወጣው ሲሆን ኤሌክትሮኒክሱ ኋላ ነው የወረሰው። ስለዚህ ምክሬ ላይ የፕሌት ሰሪ ሽታ ብታገኙበት አትደነቁ።

«ጋሼ፣ ጅማ ያለሁ የሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ከውበት ሳሎን ዕቃ መሸጫ ባለ 36 ዋት የጥፍር ማድረቂያ ገዝቼ በፖዘቲቭ ሰሌዳ እየሞከርኩበት ነው። ወፋፍራሙ መስመር ጥሩ ይወጣል፤ 0.3 ሚሊሜትር የሆኑት ግን ይሳሳሉ፣ አንዳንዴም ይቆረጣሉ። አንዱ ጓደኛዬ 2 ደቂቃ አብራ ይለኛል፣ ሌላው 6 ደቂቃ። ትክክለኛው ስንት ነው? ባለ ኤልኢዲውን መግዛት ነበረብኝ?»

ወንድሜ፣ ደቂቃውን ቆየት ብለን እናነሣዋለን። መስመርህን ያሳሳው ሌላ ነገር ነው። የላክኸውን ፎቶ አጉልቼ ስመለከተው የፊልሙ ደብዛዛ ገጽ፣ ቶነሩ፣ የሌዘር ፕሪንተሩ ጥቁር ዱቄት፣ ያረፈበት ማለት ነው፣ ወደ ላይ ዞሯል፤ መዳቡን የነካው የሚያብረቀርቀው ገጽ ነው። እንዲህ ሲሆን በቶነሩና በሽፋኑ መካከል የፕላስቲኩ ውፍረት፣ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ፣ ይገባል። ከቁጥር የሚገባ አይመስልም አይደል? ግን ያ ማድረቂያ የተሠራው ለእጅ ነው። ከአራቱ ባለ 9 ዋት ቱቦዎች ሁለቱ ጣሪያው ላይ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ናቸው። ከጎን በ45 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ የሚመጣው ብርሃን ፕላስቲኩ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ይሰበርና ከጥቁሩ መስመር ሥር 0.05 ሚሊሜትር ያህል ሾልኮ ይገባል። ከሁለቱም ጎን ሲደመር 0.1 ነው። የ0.3 መስመርህ 0.2 ሆነ። ፌሪክ ክሎራይዱ ደግሞ በፊናው ከጎን ይበላል፤ መቆረጡ አይገርምም። ወፍራሙም እኩል ነው የሳሳው፤ ከ2 ሚሊሜትር ላይ 0.1 ሲጎድል ዓይን አያየውም እንጂ።

መፍትሔው ቶነሩን ወደ ታች ገልብጦ ከሽፋኑ ጋር ማጣበቅ ነው። ባለ አንድ ገጽ ሰሌዳ ከሆነና መዳቡ ከሥር ከሆነ፣ የዲዛይን ፕሮግራሞች የታችኛውን ገጽ የሚያሳዩት ከላይ በሰሌዳው ውስጥ አሳልፈህ እንደምታየው አድርገው ስለሆነ፣ ሳትገለብጥ አትመህ ቶነሩን ወደ ታች ታደርጋለህ። የላይኛውን ገጽ ግን በመስታወት እንደሚታይ አስገልብጠህ አትም። ከዚያ 4 ሚሊሜትር መስታወት ከላይ፣ ስፖንጅ ከሥር፣ ዳር ዳሩን በቆንጣጭ ያዝ። ማተሚያ ቤት ለዚህ ነበር ፍሬሙ ውስጥ ያለውን አየር በፓምፕ የምንመጠው፤ በፊልሙና በፕሌቱ መካከል ትንሽ አየር ከቀረ እዚያ ቦታ ላይ ፊደሉ ይሳሳ ነበር። የግድግዳዎቹን ሁለት ቱቦዎች ደግሞ ንቀላቸው፤ ካልሆነም በጥቁር ካርቶን ጋርዳቸው። ጊዜው ይረዝማል፣ መስመሩ ግን ይጠራል።

ወደ ደቂቃው እንምጣ። ጓደኞችህ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የቱቦው ዕድሜ፣ ርቀቱ፣ የመስታወቱ ውፍረት፣ የሰሌዳው ሽፋን የየራሳቸው ስለሆነ የሌላ ሰው ደቂቃ ለአንተ አይሠራም። እኔንም አትጠይቀኝ። 2 ሴንቲሜትር በ10 ሴንቲሜትር የሆነች ቁራጭ ሰሌዳ ቁረጥ፣ ቀጫጭን መስመሮች የታተሙበት ፊልም አስተኛባትና በአምስት ክፍል ከፋፍላት። መላዋን 30 ሰከንድ አብራባት። አንዷን ክፍል በካርቶን ሸፍነህ 30 ሰከንድ ጨምር። ካርቶኑን ወደ ሁለተኛዋ ገፋ አድርገህ 1 ደቂቃ፣ ገፋ አድርገህ 2 ደቂቃ፣ ገፋ አድርገህ 4 ደቂቃ። ክፍሎቹ በቅደም ተከተል 30 ሰከንድ፣ 1፣ 2፣ 4 እና 8 ደቂቃ አገኙ ማለት ነው። በእጥፍ የምትሄደው ሽፋኑ የሚመልሰው በእጥፍ ልዩነት ስለሆነ ነው፤ በ3 ደቂቃና በ3 ደቂቃ ተኩል መካከል ያለውን ልዩነት ዓይንህ አይለየውም። ካጠብክ በኋላ ግልጹ ቦታ እስከ መዳቡ ድረስ ጥርት ብሎ የሄደባትን፣ ጥቁሩ ሥር ያለው ግን ያልተነካባትን ክፍል ውሰድ። ሁለት ክፍሎች እኩል ቢያምሩህ አነስተኛውን ጊዜ ምረጥ።

ማጠቢያህ ኮስቲክ ሶዳ ከሆነ በሊትር ውሃ ከ7 እስከ 10 ግራም ይበቃል፣ በሚዛን ተመዝኖ። በማንኪያ የሚገምት ሰው ስህተቱን ሁሉ መብራቱ ላይ ይለጥፋል። ውሃው ላይ ሶዳውን ጨምር እንጂ ሶዳው ላይ ውሃ አታፍስስ።

ኤልኢዲውንስ? እኔ ለጀማሪ ቱቦውን እመርጣለሁ። ባለ ኤልኢዲው ማድረቂያ ቶሎ ያደርቃል፣ ግን ነጠብጣቦቹ ተራርቀው ስለሚቀመጡ ሰሌዳው ላይ ብርሃን የበዛበትና ያነሰበት ቦታ ይፈጥራል። ቱቦ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። የገዛኸው በቂ ነው።

«በሐዋሳ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ነኝ። ወርክሾፓችን ውስጥ ኃይል ብዙ ጊዜ ይቆራረጣል፤ ለሠልጣኞቼ የኤክስፖዠር ሳጥን (ሰሌዳው ላይ የሚበራበት የመብራት ሳጥን) የመግዣ በጀትም የለም። በፀሐይ መሥራት ይቻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?»

መምህር፣ እውነት ነው። እንዲያውም በቤት ከሚሠሩት ምንጮች ሁሉ ሹል መስመር በማውጣት የሚያህለው የለም። ከምድር ሆነን ስናያት የፀሐይ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው፤ ጨረሮቿ ትይዩ ሆነው ነው የሚመጡት ማለት ይቻላል። ለጅማው ተማሪ የነገርኩት የመሹለክ ችግር በፀሐይ ይጠፋል፣ በጠራ ሰማይ ከሆነ። ቀጭን ደመና ሲኖር ሰማዩ ሁሉ ብርሃን ይሆንና ያ ጥቅም ይቀራል።

መጠኑን እንዲህ ያስሉ። በጠራ ቀትር ዩቪ-ኤ የሚባለው የፀሐይ ክፍል በካሬ ሴንቲሜትር 5 ሚሊዋት ገደማ ይሰጣል። የድራይ ፊልም አምራቾች የሚፈለገውን መጠን በሚሊጁል ይጽፋሉ፤ ለምሳሌ በካሬ ሴንቲሜትር 60 ሚሊጁል። 60ን ለ5 ቢያካፍሉ 12 ሰከንድ። አዎ፣ ሰከንድ! ብዙ ሰው በፀሐይ ሞክሮ የሚከሽፍበት ምክንያት ይኸው ነው። ደቂቃዎች ያቆየዋል፣ ጥቁሩ ቶነር በቀዳዳዎቹ የሚያሳልፈው ጥቂት ብርሃን ይጠራቀምና ሰሌዳው በሙሉ ይጠነክራል። ፖዘቲቭ ሰሌዳ ከዚህ ዘለግ ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ እሱንም ቢሆን በቁራጭ ይሞክሩ። በእኛ አገር ከፍታና ለምድር ወገብ ባለን ቅርበት ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፤ አውሮፓ ውስጥ የተጻፈ መመሪያ ላይ ያለውን የፀሐይ ጊዜ እንዳለ አይውሰዱት።

አሠራሩ። ሰሌዳውን፣ ፊልሙንና መስታወቱን ጥላ ውስጥ አሰናድተው በወፍራም ካርቶን ይሸፍኑ። ከፍሬሙ ጠርዝ ላይ አንድ ምስማር ቀጥ አድርገው ይትከሉ። ወደ ውጭ አውጥተው ፍሬሙን ወደ ፀሐይ ሲያዘነብሉት የምስማሩ ጥላ እያጠረ ይሄዳል፤ ጥላው ጨርሶ ሲጠፋ ሰሌዳው ፀሐይዋን ፊት ለፊት ገጥሟል። ያን ጊዜ ካርቶኑን አንሥተው ይቁጠሩ፤ ቆጥረው ሲጨርሱ መልሰው ይክደኑ። ፀሐይዋ ከፍተኛው ቦታዋ ላይ የምትደርሰው በእኛ ሰዓት ከ6 ሰዓት ተኩል ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም ትንሽ ዘግይቶ ነው። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ውስጥ ቢሠሩ ከቀን ቀን ብዙ አይለያይም። ሠልጣኞቹ በየተራ እንዲሠሩ ካደረጉ በቀትር አንድ ክፍል ያዳርሳሉ። ሐምሌና ነሐሴን ግን ለንድፈ ሐሳብ ይተዉት።

መስታወቱ ተራ የመስኮት መስታወት ይሁን። ከመኪና የተገኘ ከሆነ የጎኑ ይሻላል፤ የፊተኛው ሁለት መስታወት በፕላስቲክ ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ያ ፕላስቲክ የምንፈልገውን ብርሃን ይውጠዋል። በተራ መስኮት በኩል ወርክሾፕ ውስጥ የሚገባው የቀን ብርሃን ግን ሰሌዳዎን ያበላሸዋል። የፕሌት ክፍላችን መብራት ሁሌም ቢጫ ነበር። መስኮቱን በቢጫ ወይም በብርቱካናማ ሽፋን ይሸፍኑት፤ ያ ካልተገኘ ወፍራም መጋረጃ ዘርግተው ደብዘዝ ያለ ቢጫ አምፖል ያብሩ።

የድራይ ፊልም ማጠቢያው ሶዲየም ካርቦኔት ነው፣ በሊትር 10 ግራም። ካላገኙት ከሱቅ የምግብ ሶዳ ይግዙና ምጣድ ላይ እያማሰሉ ያግሉት። ጋዙና እንፋሎቱ ወጥቶ ሲያልቅ 100 ግራሙ 63 ግራም ገደማ ይሆናል፤ እዚያ ደርሶ ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ ካርቦኔት ሆኗል። ለሠልጣኞችዎ ጥሩ የኬሚስትሪ ትምህርትም ነው። ምጣዱ ግን ለእንጀራ የማይመለስ ይሁን፤ የቤት ሰው ይቆጣል።

«አዳማ ውስጥ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና ቤት አለኝ። ሦስት ነገር እጄ ላይ አለ፦ ሥጋ ቤት የነበረ የዝንብ መግደያ፣ የሐሰተኛ ብር መለያ ማሽን፣ በኮሮና ጊዜ የመጣ ክፍል ማጽጃ የዩቪ መብራት። የቱን ልጠቀም? የመንገድ መብራት ሜርኩሪ አምፖል የውጪውን ብርጭቆ ሰብሮ መጠቀም ይቻላል የሚልም ሰማሁ።»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይስበሩት። የሜርኩሪው አምፖል የውጪው ብርጭቆ እዚያ የተቀመጠው ከውስጥ የሚወጣውን አጭሩንና አደገኛውን ጨረር እንዲያስቀር ነው። የኮሮናው መብራትም ከዚያ ወገን ነው። ቱቦው እንደ ውሃ የጠራ፣ ውስጡ የሚታይ ከሆነ የሚያወጣው በዋነኛነት የሞገድ ርዝመቱ 254 ናኖሜትር የሆነ ጨረር ነው። የእኛ ሽፋን የሚፈልገው ከ350 እስከ 400 አካባቢ ያለውን ነው፤ ፖዘቲቩ እስከ 450 ገደማም ይሰማል። 254ን ደግሞ ከፊልሙ ላይ የምናስተኛው ተራ መስታወት አያሳልፈውም። ስለዚህ ሰሌዳውን አይጠቅምም፣ ዓይንን ግን ይጎዳል። ያለ መከላከያ ብየዳ ያየ ሰው ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው ከዚህ ዓይነቱ ጨረር ነው። መብራቱን ከነካርቶኑ አስቀምጡት።

የዝንብ መግደያው ቱቦ ግን የእኛው ነው። ዝንብ የሚስበው ብርሃን 365 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ድራይ ፊልሙ የሚወደውም እሱኑ። ሲጠፋ ነጭ፣ ሲበራ ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ የሥጋ ቤት ቱቦ ከጠዋት እስከ ማታ፣ አንዳንዱም ሌሊቱን ሙሉ በርቶ የኖረ ነው። ሰማያዊው እየታየ ዩቪው ቀስ በቀስ ያልቃል። ለዚህ ነው አምራቾቹ ባይቃጠልም በየዓመቱ ቀይሩት የሚሉት፤ ባለሥጋ ቤቱ ግን መቼም አይቀይረውም። አዲስ ቱቦ ገዝተው ያወዳድሩ። ደግሞ ከማሽኑ ጋር አይሥሩ። ሽቦው ላይ ያለው ኃይል በሺዎች ቮልት የሚቆጠር ነው፤ እርስዎ ከቴሌቪዥን ጋር የኖሩ ሰው ስለሆኑ ይህን አልነግርዎትም፣ የሚያነብ ልጅ ሊኖር ስለሚችል ነው። ቱቦውን ብቻ አውጥተው ዋቱ ከሚገጥመው ባላስት (የቱቦውን ኃይል ከሚቆጣጠረው ዕቃ) ጋር ተራ የፍሎረሰንት መያዣ ላይ ይግጠሙት።

የብር መለያው ቱቦም ይሆናል፤ ጥቁር የሚመስለው ብርጭቆ የሚታየውን ብርሃን ስለሚያስቀር ነው ሐምራዊ የሚመስለው። ግን ባለ 4 ዋቱ ቱቦ 136 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለክብሪት ሳጥን የምታህል ሰሌዳ ይበቃል፤ ለትልቅ ሥራ ባለ 8 ዋቱን፣ 288 ሚሊሜትሩን፣ አራት ያህል ይፈልጉ። በ4 ሴንቲሜትር እየተራራቁ ደርድረው ከኋላ የአሉሚኒየም ፎይል ያንጥፉ፤ መስታወቱ ከቱቦዎቹ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ይራቅ። ርቀቱ በቱቦዎቹ መካከል ካለው ክፍተት ካነሰ ሰሌዳው ላይ የቱቦዎቹ ጥላ መስመር መስመር ሆኖ ይወጣል። የቱቦው ጫፍና ጫፍ ደብዛዛ ስለሆነ ሰሌዳዎን መሃል ላይ ያድርጉ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የቮልቴጁ ነው። በተራ ባላስት የሚሠራ ቱቦ፣ ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ ቮልቴጁ ወርዶ ብርሃኑ ይቀንሳል። ቀን 3 ደቂቃ የበቃው ማታ ላይ አይበቃም። ትልልቅ ማተሚያ ቤቶች ሰከንድ ሳይሆን ብርሃኑን ራሱን የሚቆጥር መሣሪያ የነበራቸው ለዚህ ነው። ለእርስዎ የሚያዋጣው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መሥራት ነው። ቱቦውን ደግሞ አስቀድመው ሁለት ሦስት ደቂቃ አብርተው ያሙቁት፤ ጊዜውን በማብሪያ ማጥፊያ ሳይሆን ካርቶን በመሳብና በመመለስ ይቆጣጠሩ።

«ከደብረ ማርቆስ። 60 ባለ 5 ሚሊሜትር 395 ናኖሜትር ኤልኢዲ በ2 ሴንቲሜትር ርቀት ደርድሬ ሳጥን ሠራሁ። ሰሌዳው ከኤልኢዲው 5 ሴንቲሜትር ይርቃል። ሰሌዳውን ሳጥበው ክብ ክብ ነገር ይወጣብኛል። ክዳኑ መስታወት ሳይሆን አክሪሊክ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ይሆን?»

አክሪሊኩን አታስቀይመው፤ የክቦቹ ባለቤት ኤልኢዲዎቹ ናቸው። ባለ 5 ሚሊሜትሩ ጉልላት ብርሃኑን ይሰበስባል፤ የብዙዎቹ ስፋት 30 ዲግሪ ገደማ ነው። በ5 ሴንቲሜትር ርቀት አንዱ የሚሠራው ክብ 2.7 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚነካካው በጠርዙ ነው። ወደ 15 ሴንቲሜትር አርቀው፤ ክቡ 8 ሴንቲሜትር ይሆንና እያንዳንዱ ነጥብ ከብዙ ኤልኢዲ ይቀበላል። የሳጥኑን የውስጥ ግድግዳ ፎይል ካለበስከው ወደ ጎን የሚጠፋው ብርሃን ይመለሳል፣ ስለዚህ ጊዜው የፈራኸውን ያህል አይረዝምም።

ሽቦውንም ልይልህ። በ12 ቮልት ሦስት ሦስቱን በተከታታይ አድርገህ ለእያንዳንዱ ሦስት አንድ 120 ኦም ሬዚስተር ስጥ። አንድ ኤልኢዲ 3.3 ቮልት ገደማ ይወስዳል፣ ሦስቱ 9.9፣ የቀረው 2.1 ለሬዚስተሩ፤ ከ20 ሚሊአምፔር ዝቅ ብሎ 17 ተኩል ገደማ ይሄዳል። ለሁሉም አንድ ሬዚስተር ሰጥተህ ጎን ለጎን ካሰርካቸው ግን አንዱ ያበራል፣ አንዱ ይዳከማል፤ ክቡ ያኔ በርቀትም አይጠፋም።

ስለ አክሪሊኩ፤ ለ395 ደህና ነው። ለ365 ግን ዩቪ እንዳያበላሸው ተብሎ መድኃኒት የተጨመረበት ዓይነት ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ፖሊካርቦኔት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የምትፈትንበት መንገድ ቀላል ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ የመብራቱን ጨረር በኦሞ የታጠበ ነጭ ጨርቅ ላይ አሳርፍ፤ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ፕላስቲኩን በመሃል አስገባ። ጨርቁ እንዳበራ ከቀረ ፕላስቲኩ ያሳልፋል፤ ሐምራዊው ብርሃን እየታየ የጨርቁ መንቦግቦግ ከጠፋ ወይም ከደከመ ፕላስቲኩን ጣለው። ሐምራዊ መታየት ራሱ ምንም አይነግርም። ለጭፈራ ቤት የሚሸጠው ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ተራ አምፖል ለዓይን ያምራል፣ ለሰሌዳ ግን ከንቱ ነው።

«ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ በፈሳሽ ሬዚን የሚሠራ ትንሽ 3ዲ ፕሪንተር ልኬለታለሁ። መብራቱ 405 ናኖሜትር ነው ይላል። ለዚህ ሥራ ያገለግለዋል?»

ያገለግለዋል፤ ፊልም የማተሙን ጣጣም ያስቀርለታል። የዚያ ፕሪንተር ወለል ኤልሲዲ ስክሪን ነው፤ ከሥሩ 405 መብራት አለ፤ ስክሪኑ ራሱ ጥቁርና ግልጽ እየሆነ ሥዕሉን ይሠራል። የሬዚኑን ገንዳ አውጥቶ፣ ስክሪኑን በደንብ ጠርጎ፣ ሰሌዳውን በሽፋኑ በኩል ገልብጦ ስክሪኑ ላይ ማስተኛት ነው። የአነስተኞቹ አንድ ነጥብ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ለ0.2 መስመር ይበቃል። ድራይ ፊልሙ ለ405 ከ365 ይልቅ ሰነፍ ነው፤ ጊዜውን በሙከራ ያግኘው። የሰሌዳው ሹል ጠርዝ ስክሪኑን እንዳይቧጥጥበት አስቀድሞ በሞረድ ያለስልሰው፤ ስክሪን ከዚያ መላክ ቀላል አይሆንልዎትም።

«ደብረ ብርሃን ያለሁ እናት ነኝ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሐምራዊ መብራት እያበራ ሰሌዳ ይሠራል። ዓይኑን ያጠፋብኝ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ላስቆመው?»

እህቴ፣ አያስቁሙት፤ ሁለት ነገር ያስተካክልልዎት። ሳጥኑ ክዳን ይኑረው፣ ክዳኑ ሲከፈት መብራቱ የሚጠፋበት ማብሪያ ያድርግበት። የጥፍር ማድረቂያ ወይም የዝንብ መግደያ ቱቦ ከሆነ ሲሠራ በጎን ሾልኮ የሚወጣው ብርሃን ደጅ ፀሐይ ላይ ከመቆም የባሰ አይደለም፤ አፍጥጦ ማየት ግን አይገባም፤ ሐምራዊው ደብዛዛ ስለሚመስል ልጆች ሳይሰጉ ያዩታል። ቱቦው ብርጭቆው እንደ ውሃ የጠራና ውስጡ የሚታይ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ያስጥሉት፤ ለምን እንደሆነ ለአዳማው ጠያቂ ከላይ ተጽፏል።

እኔን የሚያሰጋኝ መብራቱ ሳይሆን ማጠቢያው ነው። ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ውስጥ ቢረጭ ከየትኛውም ቱቦ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። መነጽር ያድርግ፣ ጓንት ያድርግ፣ ሥራውን ከመኝታ ቤት አውጥቶ ቧንቧ አጠገብ ያድርገው። ከተረጨበት ቶሎ ብሎ በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይታጠብና ወደ ሐኪም ይሂድ። በለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ የሚባል ነገር በቤትዎ አይኑር፤ ታናናሾች ካሉት በተለይ።

«ከአዲስ አበባ። የሌዘር ፕሪንተሬ ጥቁሩን በደንብ አያጠቁርም፤ ወደ መስኮት ይዤ ሳየው ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ምን ላድርግ?»

ፕሪንተሩ ላይ የቶነር ቁጠባው አለመብራቱን እይ፤ የወረቀት ዓይነቱንም ትራንስፓረንሲ ወይም ወፍራም ወረቀት አድርግ። ያ ካልበቃ ሁለት ቅጂ አትመህ በአጉሊ መነጽር እያየህ አንዱን ከአንዱ ላይ ግጠም፣ በሁለት ጥግ በስኮች ያዝ፤ የታችኛው ቶነሩ ወደ ታች ይሁን። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ወደ አንድ ሁለት ማተሚያ ቤት ደውለህ ፊልም ማውጫ ማሽናቸው አሁንም እንደሚሠራ ጠይቅ። ፕሌቱን በቀጥታ ወደሚጽፈው ማሽን ያልተሻገረ ቤት ካገኘህ የእሱ ፊልም ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ላይ ብታቆየውም አያሳልፍም። ፋይሉን በፒዲኤፍ ውሰድ፣ መጠኑን መቶ በመቶ አድርጉልኝ በል፣ ቀለም የሚያርፍበት ገጽ ወደ ታች እንዲሆን ንገራቸው። አነስተኛ ሥራዎችን ሰብስበህ በአንድ ገጽ ላይ ብትደረድራቸው የአንድ ፊልም ዋጋ ነው የምትከፍለው።